ቦራን ከበር የመለስኩት እኔ ነኝ

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ ስዘረዝር ኖሬአለሁ፤ ይህችን ግን እየዘለልኩ ነው የምነሣው። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ለንስሐ ተቀምጦ መዋሸት ምን ዓይነት ድፍረት ነው? እኔ ለምጄዋለሁ። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገር። መስቀል አልያዛችሁም፣ ቀኖና አትሰጡኝም፣ ፊታችሁም አይታየኝም። ፊት ሳላይ ነው እውነት መናገር የምችለው፤ ይህም ራሱ ፈሪነት እንደሆነ አውቃለሁ።

ያደረግኩት ይህ ነው። አባቴ የሚወደውን ፈረስ አስፋልት ላይ ጣልኩት። ገና በሕይወት ሳለ ሞተ ብዬ አባቴን አስለቀስኩት። ፈረሱ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ በድንጋይ መታሁት። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። ከዚህ የባሰም አለ፤ እሱን ግን ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ አሁኑኑ ብናገረው የሚሰማኝ የሚኖር አይመስለኝም።

አባቴ አቃቂ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበር። ስሙ ታደሰ ነው፤ ነገር ግን ታደሰ ብላችሁ ሰፈራችን ውስጥ ብትጠይቁ ቤቱን የሚያሳያችሁ አታገኙም። አባ ቦራ ነው የሚሉት። ቦራ ፈረሱ ነው፤ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር ስላለው ቦራ ተባለ። ድሮ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር አሉ፤ አባቴ ደግሞ ጤፍና ሲሚንቶ፣ ማገዶና ከገበያ የምትመለስ ሴት እየጫነ የጀግና ስም አገኘ። በዚህ ራሱ ይስቅ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ቤታችን ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን፤ አባቴ፣ እኔ፣ ጓሮ ደግሞ ቦራ። ከሁለታችን ማን እንደሚቀድም ግን ዕድሜዬን ሙሉ እርግጠኛ አልነበርኩም።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ጋሪውን ፈትቶ፣ የቦራን ላብ በጆንያ ጠርጎ፣ ሰኮናውን አንሥቶ አይቶ፣ ፉርሽካውን በውኃ አርሶ ካበላ በኋላ ነው ወደ ቤት የሚገባው። እኔ ሽሮውን አቅርቤ እጠብቃለሁ። ገብቶ መጀመሪያ የሚለውም «ዛሬ ቦራ ደከመው» ነው። ስለ እኔም ይጠይቃል፤ አልጠየቀኝም ብዬ አልዋሽም። ግን ሁለተኛ ነው የሚጠይቀኝ። ሰው በዚህ ቂም ይይዛል? እኔ ያዝኩ። በእንስሳ ቀናሁ።

የጋሪ ፈረስ ከሁሉ በፊት የሚማረው መሄድ ሳይሆን መቆም ነው። ነጂው ዕቃ ሊያወርድ ወይም ሻይ ሊጠጣ ሲገባ፣ ፈረሱ ሳይታሰር ባለበት መጠበቅ አለበት፤ ያለዚያ ጋሪውን እየጎተተ ሰው ላይ ይወጣል። አባቴ ቦራን ያስተማረው መዳፉን ነጩ መስመር ላይ አሳርፎ «ቁም፣ መጣሁ» እያለ ነው። ይህን ካለው ቦራ አይነቃነቅም። ዝናብ ቢወርድ፣ የጭነት መኪና ጥሩምባ ቢነፋ፣ ልጆች ጭራውን ቢነቅሉት እዚያው ነው። አባቴ ተመልሶ አንገቱን መታ መታ ሲያደርገው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሌሎቹ ነጂዎች ይቀኑበት ነበር።

ፈረስ ሲያረጅ ወይም ሲሰበር ምን እንደሚደረግ የቃሊቲን መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቃል። የፈረስ ሥጋ አንበላም፤ ያገለገለንንም በእጃችን አንገድልም፣ ኃጢአት ነው እንላለን። ስለዚህ ወስደን አስፋልት ዳር እንለቀዋለን። ገደልን አንልም፤ ለቀቅነው ነው የምንለው። ፈረሶቹም የመንገዱ አካፋይ ላይ ወጥተው ይቆማሉ፤ ሲኖትራኩ በዚህም በዚያም እየነጎደ። የመኪናው ነፋስ ዝንቡን ያባርርላቸዋል ይባላል፤ ጅብም መብራት ያለበት አስፋልት አይደፍርም ይባላል። እስኪወድቁ ይቆማሉ። አባቴ ይህን ማየት አይችልም ነበር። የሥራ ጓደኛው ጋሽ ሰይፉ አሮጌ ፈረሱን እንደዚያ አድርጎ የመጣ ጊዜ «ከምትጥለው ብትገድለው ይሻል ነበር» ብሎት ለብዙ ጊዜ ተኳርፈዋል።

ከዚያ አባቴን ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ተያዘ፣ ቀርበው ካላዳመጡት የሚለው አይሰማም። አልጋውን በጓሮ በኩል ካለው መስኮት ሥር አደረግንለት። ጋሪው ተሸጠ። ቦራ ግን ቀረ። አርጅቷል፣ የኋላ እግሩ ያነክሳል፣ ጋሪው የላጠው የትከሻው ቁስልም አልደርቅ ብሏል፤ ማን ይገዛዋል? አባቴን ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ፤ ከዚያ ወጥቶ ፋንድያ መጥረግ፣ ድርቆሽ ፍለጋ መዞር፤ ሁሉም እኔ ላይ ወደቀ። ልብሴ ፈረስ ፈረስ ይሸታል። አብረውኝ የተማሩት ሥራ ያዙ፣ አገቡ፤ እኔ ከአንድ ሽማግሌና ከአንድ ሽማግሌ ፈረስ ጋር ቀረሁ። አባቴ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ደግሞ «ቦራ በላ?» ብሎ ነው።

እንዲህ ሆነን ሳለ ቂሊንጦ ከሚገኝ የልብስ ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ። ሰኞ ጀምሪ አሉኝ። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ቀን ቀን አባቴን ሊያዩልኝ እሺ አሉ፤ «ፈረሱን ግን አልችልም ልጄ፣ ይረግጠኛል» አሉኝ። መላውን ያመጣው አባቴ ራሱ ነው። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ኦቦ ቱሉ የሚባል የድሮ ወዳጅ አለው፤ መሬቱ ሁሉ ሕንፃ ሆኖ ቁራሽ ሜዳ የቀረችው ገበሬ። «ሲያረጅ አምጣልኝ፣ ከሣሩ ይበላል ብሎኝ ነበር» አለኝ። ስልኩ ከጠፋብን ቆይቷል፤ በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ አናውቅም። «አባ ቦራ ልኮኝ ነው ካልሽው አይመልስሽም» አለኝ። ከዚያ በደህናው እጁ እጄን ያዘና «ብርቄ፣ አስፋልት ላይ እንዳትጥይብኝ» አለ።

«ምን ነካህ አባዬ!» ብዬ ተቆጣሁት። በእውነት ነው የተቆጣሁት፤ ያን ሰዓት ልጥለው አላሰብኩም ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከማሰቤ በፊት አባቴ ያወቀኝ ይመስለኛል፤ ለዚያ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቦራን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁለት። አባቴ ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ መዳፉን ነጩ መስመር ላይ አሳረፈ። ያን ጊዜ «ቁም» አላለውም። «ሂድ» አለው፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ገመዱን ይዤ ወጣሁ።

ሴት ልጅ ፈረስ እየጎተተች በአስፋልት ዳር ስትሄድ ምን እንደምትባል መቼም ትገምታላችሁ። «እህት፣ ሳሪስ ስንት ነው?» ይላል አንዱ። «እኔን ጎትቺኝ፣ እሱስ አርጅቷል» ይላል ሌላው። የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ወጥቶ አፏጨብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣም ነበር፤ ምላሴ ይታወቃል። ያን ቀን ግን አፈርኩ። ቦራ ትንሽ ይራመድና ይቆማል፤ የታመመውን እግሩን ያነሣል፣ እኔን ያያል፣ ደግሞ ይራመዳል። ቃሊቲ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከዚያ ወደ ኮዬ ያለው መንገድ ገና አልተነካም። ተመልሼ ደግሞ የአባቴን አንሶላ ማጠብ፣ ለሰኞ የምለብሰውን ማዘጋጀት አለብኝ።

አካፋዩ ላይ ሁለት ፈረሶች ቆመው አየሁ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ጎን ለጎን ተጠግተው። ሰው ሁሉ ያደርገዋል አልኩ በልቤ። ጋሽ ሰይፉም አድርጎታል፤ ማን ሰቀለው? ኦቦ ቱሉስ ሞቶ ቢሆን? እዚያ ድረስ ሄጄ ብመለስስ? ሄጄ ግን አልጠየቅኩም። ሰውየው መኖሩን፣ ሜዳው መኖሩን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ምናልባት አለ ይሉኝ ነበር፤ ያ ነው የፈራሁት።

አስፋልቱን አሻገርኩት። ገመዱን ከአንገቱ ፈታሁ። ዞሬ ስሄድ ኮቴው ከኋላዬ ተሰማኝ፤ ሊከተለኝ ተነሣ። ተመለስኩ። መዳፌን ነጩ መስመር ላይ አሳረፍኩና «ቁም፣ መጣሁ» አልኩት። አባቴ በብዙ ዓመት ያስተማረውን መታመን በሁለት ቃል ሰረቅኩት። ቦራ ቆመ። ማዶ ተሻግሬ ታክሲ ስገባም፣ ታክሲው ሲነሣም ጆሮውን ቀስሮ ወደ እኔ እያየ ቆሞ ነበር።

ከዚያ የት ሄድኩ? ቶሎ ከገባሁ አባቴ ይጠረጥራል ብዬ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ሹሩባ ተሠራሁ። አዎ፣ ሹሩባ። ቦራ ፀሐይ ላይ ቆሞ እኔን ሲጠብቅ እኔ ትራስ ላይ ተቀምጬ ፀጉሬን እሠራ ነበር። ማታ ስገባ አባቴ አየኝና «ማን ሠራሽ?» አለ። «የኦቦ ቱሉ ልጅ ናት የሠራችኝ፤ ካልተሠራሽ አትሄጂም ብለው» አልኩት። የአባቴ ዓይን እንባ ሞላ። «ደግ ሰዎች ናቸው፤ ነግሬሽ የለም?» አለ። ቦራ ሜዳውን ሲያይ ምን እንዳደረገ ጠየቀኝ። ተንከባለለ አልኩት። ፈረስ ሲደሰት እንደሚንከባለል ያስተማረኝ እሱ ነው።

ሰኞ ሥራ ጀመርኩ። የፋብሪካው ሰርቪስ ከአቃቂ ተነሥቶ በቃሊቲ በኩል ነው ወደ ቂሊንጦ የሚያልፈው። ቦራ እዚያው ነበር፤ ባቆምኩት ቦታ። በማግስቱም። ከዚያ በኋላም። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ሲጠፉ እሱ የአካፋዩን ሣር እየነጨ ቆሞ ነበር። የጎድን አጥንቱ ወጣ፤ ቁስሉ ሰፋ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ «እነዚህ ፈረሶች ባለቤት የላቸውም እንዴ? ምን ዓይነት ጨካኝ ነው እንዲህ የሚጥል?» አለችኝ። «ባለጌ ነዋ» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላው ወገን መስኮት መቀመጥ ጀመርኩ። አንዲት ፌርማታ ላይ ወርጄ አንገቱን መታ መታ ባደርገው ይከተለኝ ነበር። ያን ያህል ቀላል ነበር፤ አልወረድኩም።

ቤት ስገባ ደግሞ ወሬ አቀብላለሁ። ኦቦ ቱሉን ኮዬ የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ ታገኘዋለች ብዬ ነበር፤ በእሷ አፍ እያደረግኩ አወራለሁ። ቦራ ወፈረ፤ ቁስሉ ደረቀ፤ የሰፈሩ ልጆች እየወጡበት ይጫወታሉ፤ ከአንዲት ጥጃ ጋር ተወዳጅቷል፣ ካለሷ አይተኛም። ይችን ጥጃ አባቴ በጣም ወደዳት፤ ስም አወጣላት። በእኔ ውሸት አባቴ መብላት ጀመረ። እትዬ አልማዝ «ልጅት እንዴት ያለሽ ተጫዋች ነሽ! መድኃኒቱ አንቺ ሆንሽ» ይሉኝ ነበር። እኔም መድኃኒቱ ነኝ ማለት አማረኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ እኔ እስክገባ በር በር የሚያይ ሆነ፤ ወሬው እኔ ዘንድ ነዋ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። የእኔ ውሸት ግን እያደር አደገ፤ አድጎም ማረፊያ አሳጣኝ። ጋሽ ሰይፉ ከአባቴ ጋር ታርቆ እየመጣ ይጠይቀዋል። ለፋሲካ የእህቱን ልጅ ባጃጅ ይዞ፣ አባቴን ደግፈው አስቀምጠው ኮዬ ድረስ ወስደው ቦራን ሊያሳዩት ተስማሙ። አባቴ በደህናው እጁ ጢሙን እንድላጨው ጠቆመኝ። እያላጨሁት ሳለ ነው የነገርኩት። «አባዬ፣ መንገር ከብዶኝ ነው። ቦራ ሞቷል፤ ሆዱን ነፍቶት» አልኩት። ምላጩ እጄ ላይ ነበር። ገና ያልተላጨው ጉንጩ ላይ እንባው ሲወርድ አየሁ።

«ማን ቀበረው?» አለኝ። ኦቦ ቱሉ አልኩት። «ጅብ አልበላውም?» አለኝ። አልበላውም አልኩት። «ተመስገን» አለ። እንደገና «ተመስገን» አለ፤ ከዚያ እንደ ሰው ለቅሶ አለቀሰ። ለእንስሳ ለቅሶ አይደረስም፤ ነውር ነው። የጋሪ ነጂዎቹ ግን መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳይሆን እንዲሁ በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ መስለው ገብተው፣ አልጋው ዙሪያ ተቀመጡ። ጋሽ ሰይፉ ብቻ «አባ ቦራ፣ አንተ እንኳ በክብር ሸኝተኸዋል፤ እኔ ነኝ የማለቅሰው» አለው። ለጋሪ አስፋልት ስለተከለከለ ማንኛቸውም በቃሊቲ መንገድ አያልፉም፤ ባያልፉም እያንዳንዳቸውን እየፈራሁ ሻይ ቀዳሁላቸው። ቦራ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ወደ መጣው እሑድ ልምጣ። ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፤ እኔ አባቴን ላጠጣው አጥሚት አሞቃለሁ። አባቴ ድንገት በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። «መጣ» አለ። «ማን?» አልኩት። «ቦራ! ኮቴውን ስሚ፣ እግሩን ይጎትታል፣ እሱ ነው!» አለ። ያ የተያዘ ምላሱ ለዚያች ቅጽበት ተፈታለት። እኔም ሰማሁ። ሦስት ደህና ኮቴ፣ አንድ የሚጎተት።

ወጣሁ። የቆርቆሮውን በር በአፍንጫው እየገፋ ቆሞ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ እንደሚያደርገው። በሩን በትንሹ ከፍቼ ወጣሁና ከኋላዬ ዘጋሁት። አጥንትና ቆዳ ሆኗል፤ መኪና ሳይገጨው አልቀረም፣ ጎኑ ተገሽልጧል፣ ዝንቡ ቁስሉን አልብሶታል። ምን አስነሣው? መጠበቅ ሰለቸው? ሲገጨው ደንግጦ ሮጠ? አላውቅም። ያየኝ ጊዜ ግን አልሸሸም። ግንባሩን ዝቅ አድርጎ ወደ መዳፌ አስጠጋ።

በሩን ብከፍት አባቴ ቦራን ያገኛል። በሩን ብከፍት አባቴ እኔን ያውቀኛል። ሁለቱ አብረው ነበሩ፤ አንዱን ወስጄ ሌላውን መተው አልቻልኩም። አባቴ ከውስጥ «ብርቄ! ክፈችለት!» እያለ ይጣራል። ጎንበስ አልኩና ድንጋይ አነሣሁ። የመጀመሪያው ትከሻው ላይ አረፈ፤ ቁስሉ ላይ። አልሄደም፤ አልገባውም። ሌላ አነሣሁ። የታመመ እግሩን መታሁት። ሌላ አነሣሁ፤ ግንባሩን፣ ነጩን መስመር መታሁት። ያን ጊዜ ዞረ። እያነከሰ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ሄደ፤ እኔ ደግሞ እንዳይመለስ ድንጋይ እየወረወርኩ ተከተልኩት።

ስገባ አባቴ ከአልጋው ሊወርድ ሲታገል ግማሽ አካሉ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። አስተካከልኩት። «ማንም የለም አባዬ» አልኩት። «ሰምቼዋለሁ» አለ። «ቦራ እኮ ሞቷል» አልኩት። ይህን እያልኩት ሳለ ከታች ከወንዙ በኩል ቦራ አሽካካ። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ አሽካካ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። አባቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘና «ይኸው! ትሰሚያለሽ?» አለኝ። ዓይኑን እያየሁ «ምንም አልሰማም» አልኩት።

ከዚህ የባሰ አለ ያልኳችሁ ይህ ነው። ፈረሱን መምታቴ አይደለም። አባቴ እግሩ ሄዷል፣ እጁ ሄዷል፣ ምላሱ ሄዷል፤ የቀረው ጆሮው ነበር፤ እሱንም እኔ ወሰድኩበት። ክንዴን ቀስ ብሎ ለቀቀኝ። ራሱን ወደ ትራሱ መለሰ። ቦራ ገና እያሽካካ ነበር፤ አባቴ ግን የሚሰማውን እንዳልሰማ ለመሆን ዓይኑን ጨፈነ።

ለእትዬ አልማዝ ቅዠት ጀምሮታል ብዬ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። እሳቸው «ኀዘኑ ገብቶበት ነው፣ ጸበል ይረጭ» አሉ። የቤታችን ንስሐ አባት መጡ። አነበቡለት፣ ቀዝቃዛውን ጸበል ፊቱና ደረቱ ላይ ረጩት፤ እየተንቀጠቀጠ ተቀበለ፣ አልተከራከረም። «ምንድን ነው የሚሰማህ?» አሉት። «የሞተ ፈረስ አባቴ» አለ፤ በሀፍረት ነው ያለው። ወደ እኔ ዞሩ። መስቀሉ እጃቸው ላይ ነው። «አንቺስ የሰማሽው ነገር አለ?» አሉኝ። የለም አልኩ። ለእሳቸው እስከ ዛሬ ያልተናዘዝኩት ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

በዚያ ሳምንት ሱቅ ስሄድ ድልድዩ ሥር ፈረስ ሞቷል፣ ሸተተን እያሉ ሲያማርሩ ሰማሁ። ስኳሬን ገዝቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሄጄ አላየሁም። አፈር መመለስ ይቅርና ማየት እንኳ ነሣሁት። ለአባቴ ጅብ አልበላውም ያልኩትን ፈረስ ጅብ ይብላው ውኃ ይውሰደው አላውቅም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ጆሮውን አላመነም። የሰማውን ሁሉ ይጠይቀኝ ነበር። «ብርቄ፣ ደወሉ እውነት ነው?» «እውነት ነው አባዬ።» «ዝናቡስ?» «እውነት ነው።» ልጅ እንደሚያስተምር ሰው ሆኜ እውነቱንና ቅዠቱን እለይለት ነበር፤ እኔ። አንድ ቀን ወጡን እያማሰልኩ ሳላስበው እያለቀስኩ ነበር። «የሚያለቅስ ሰው ይሰማኛል፣ እውነት ነው?» አለኝ። «አይደለም አባዬ» አልኩት። «እንግዲያው ብሶብኛል ማለት ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ወጣት ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነበር፣ ረዳት አልነበረኝም ብል እውነት ነው፤ ግን ድንጋዩን ያነሣው ድካሜ አይደለም፣ እጄ ነው። ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም። የበደልኳችሁ እናንተን አይደለም፤ የበደልኳቸውም አንዱ እንስሳ ነው፣ አንዱ ሞቷል። ካህን ቢፈታኝ እንኳ አባቴን ማን ሄዶ «ጆሮህ ደህና ነበር» ይለዋል? ቢፈታኝ ደስ የሚለኝ እንኳ አይመስለኝም።

በመጨረሻው ቀን አባቴ ጠራኝ። ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ። «ብርቄ፣ ይቅር በይኝ» አለ። «ፈረስ መጣ እያልኩ በቅዠቴ አሠቃየሁሽ፤ ሰው ፊት አሳፈርኩሽ። አንቺ እውነቱን ስትነግሪኝ አላምን ብዬ አስለፋሁሽ። ይቅር በይኝ ልጄ።» መልሴን እየጠበቀ አየኝ። ልነግረው እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው፤ አፌም ተከፍቶ ነበር። ያላጠፋውን ጥፋት ይቅርታ ለጠየቀኝ አባቴ፣ ደህና እጁን በሁለት እጄ ይዤ «ይቅር ብዬሃለሁ አባዬ» አልኩት።